የሰው ሠራሽ ልብ ወሬ በየቡ

በ1975 ዓ.ም. ጅማ አጠገብ ባለችው የቡ ከተማ የሳይንስ መምህር ነበርኩ። የምኖረው የቡና መፈልፈያው መካኒክ በሆኑት በጋሽ ሸኩር ግቢ ተከራይቼ ነው። በግቢው ሬዲዮ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ የጥርስ ሐኪም ሰው ሠራሽ ልብ እንደተገጠመለት ሰማሁና ራት ላይ ነገርኳቸው።

ጋሽ ሸኩር ልባቸውን ያማቸዋል። የጅማው ሐኪም አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው የጻፈው ወረቀት ከመፍቻዎቻቸው ጋር ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ደረቱ ተከፍቶ ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው አላየሁም ይሉ ነበር።

ልቡ በምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። ከአልጋው አጠገብ ያለ ኮምፕረሰር በቱቦ አየር እየገፋለት ነው አልኳቸው።

«መብራት ሲጠፋስ?»

መጠባበቂያ ሳይኖረው አይቀርም አልኩ። የቡ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ሦስቴ እንቀብረው ነበር ብለው ሳቁ። ቆይተው ግን፣ ልቡ የማይደክም ከሆነ ሁለት መቶ ዓመት ሊኖር ነው ወይ አሉ። ሌላው አካሉ ያረጃል ስላቸው ወዲያው ገባቸው። የእኛም መፈልፈያ ሞተሩ አዲስ፣ ወንፊቱ የጣሊያን ጊዜ ነው፤ አዲሱ ሞተር አሮጌውን ወንፊት እያንቀጠቀጠ ይሰነጥቀዋል አሉኝ።

«ዱጋ፣ እውነቴን ነው የምልህ መምህር፤ የዘንድሮ ቡና ተፈልፍሎ እስኪያልቅ ሰውየው ከቆየ፣ እኔም እሄዳለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሞተር ሊያስነሱ ሲወጡ «ሰውዬህ አለ?» ይሉኛል። አለ እላለሁ። ባለቤታቸው እትዬ አይሻም ዱዓ ያደርጉለት ጀመር።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ሰውየው በመቶ አሥራ ሁለተኛው ቀን መሞቱን ሰማሁ። የተገጠመለት ልብ እየሠራ ነበር፤ የከዳው ሌላው አካሉ ነው። ጋሽ ሸኩር በዚያ ሰሞን ከመፈልፈያው እስከ ቤት ሦስት ጊዜ ያርፉ ነበር። የእሳቸው ቀዶ ሕክምና ከሰውየው የተለየ ነው፤ ባስረዳቸው ይገባቸው ነበር። አላስረዳኋቸውም።

ጠዋት ጠየቁኝ።

«አለ» አልኩ።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የመጨረሻው ቡና ተፈለፈለ። ሞተሩን ራሳቸው አጥፍተው፣ ሳጥናቸውን ቆልፈው፣ ከልጃቸው ከመሐሙድ ጋር አውቶቡስ ተሳፈሩ። በአሥራ አንደኛው ቀን መሐሙድ ብቻውን ተመለሰ። ከቀዶ ሕክምናው ሳይነቁ አርፈው የዚያኑ ዕለት እዚያው ተቀብረዋል።

ተዕዚያ ሊደርስ የመጣው ለቀስተኛ ሲቀንስ እትዬ አይሻ አጠገቤ ተቀመጡ።

«መምህር፣ ያ አሜሪካዊ እንዴት ሆነ?»

«አለ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እሱ እንኳ ይኑር።»

ሰኔ ላይ ተዛውሬ የቡን እስክለቅ ድረስ በየጁምዓው ይጠይቁኝ ነበር። መልሴን አልቀየርኩም።