አራት ጣት ልስን

ግንቦት መግቢያ ላይ ቤቱ የነበረበት ሁኔታ ይህ ነው። አራዳ ውስጥ፣ ከደብሩ ቅጥር በታች፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት ያለው ባለ ቆርቆሮ ቤት። ቆጣሪው ከበሩ በስተቀኝ ጣውላ ላይ ተመትቷል። ከቆጣሪው የሚነሣው ሽቦ በጣሪያው ሥር ሄዶ በየግድግዳው ይወርዳል፤ ከአቡጀዴው ኮርኒስ በታች አንድ ስንዝር ያህል ይታይና ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ከዚያ በታች የት እንደሚሄድ የሚያሳይ ምልክት የለም። በየክፍሉ አንድ አምፖል አለ። ሶኬቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ይሠራል፣ ከአልጋው ራስጌ ያለው ሌላው ግን በሁዳዴ ማብቂያ ጨሶ ጠርዙ ጠቁሯል። ግድግዳው ግን ሸጋ ነው። ነጭ አፈር ተቀብቶ በመዳፍ የተሻሸ፣ ከማእዘን እስከ ማእዘን ስንጥቅ የማይገኝበት አንድ ወጥ ግድግዳ።

ግድግዳውን እንዲህ ያደረጉት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ናቸው፤ የቄስ ሐብተ ማርያም ባለቤት የነበሩ፣ አሁን ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ እናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ፣ ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር አቡክተው ቤቱን እንደገና ይለስናሉ። ቄሱ በሕይወት ሳሉ መብራት ሲያስገቡ ሽቦው ግድግዳው ላይ በሚስማር ተመትቶ በግልጽ ይታይ ነበር። ወይዘሮዋ ይህን አልወደዱትም። ለበዓል በተዋበ ቤት ላይ ጥቁር ገመድ ተጋድሞ ማየት ከበዳቸውና በመጀመሪያው ፋሲካ በላዩ ለሰኑበት። ተው ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቱ ሁሉ "እጅሽ ይባረክ" ነበር ያለው። በቀጣዩም በዓል ለሰኑ፤ በቀጣዩም። ልስን በልስን ላይ እየተደረበ ሽቦው ከዓመት ዓመት ወደ ውስጥ ራቀ።

ሶኬቱ መጨሱን የሰማ ዕለት ልጃቸው መዝሙር ከአዘዞ እየበረረ መጣ። መምህር ነው፤ እዚያው አዘዞ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል።

"እማዬ፣ በቃ! ይህ ቤት ይፈርስና በብሎኬት ይሠራል። እስኪያልቅ እኛ ዘንድ ትሆኛለሽ።"

"እስኪያልቅ ማለት?"

"አንድ ዓመት። ቢበዛ ሁለት።"

ሁለት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ያውቃሉ። ቤታቸው እስኪሠራ ብለው ልጆቻቸው ዘንድ ከሄዱት ጎረቤቶቻቸው መካከል የተመለሰች የለችም። የኪዳኑን ደወል ከአልጋቸው ሆነው ሰምተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በእግራቸው የሚደርሱት ከዚህ ቤት ብቻ ነው። አዘዞ ቢሄዱ ቅዳሴ ለመሄድ የልጃቸውን ፊት ሊያዩ ነው።

"ባለሙያ ይየው" አሉ። "ግድግዳው ሳይፈርስ ይታደሳል ካለ ትተወኛለህ። አይሆንም ካለ ዕቃዬን ራሴ እጠቀልላለሁ።"

"ቃል?"

"ቃል። ባለሙያውን የማመጣው ግን እኔ ነኝ።"

መዝሙር ሳቀ። "እሺ፣ ያንቺ ይሁን። የኔን ሰው ጉቦ አበላዋለሁ ብለሽ ነው?"

"አላልኩም። አሰብኩ እንጂ።"

ለልጃቸው ያልነገሩት አንድ ነገር ነበር። ልስኑ እርጥብ በሆነ ቁጥር ግድግዳው ይነዝራቸዋል። ሲደርቅ ይተዋል። መጀመሪያ ጊዜ ክንዳቸው እስከ ትከሻቸው ሲርገበገብ ደንግጠው ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም የቤት ጣጣ መላ አበጁለት። ደረቅ ቁርበት አንጥፈው በላዩ ይቆማሉ። አዲስ ቦታ ከመለሰናቸው በፊት በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ነካ ያደርጉታል። የነዘራቸውን ቦታ ዘለው ያልፉና ሌላው ጠፈፍ ሲል ይመለሱበታል። የቱ ጋ እንደሚነዝር፣ የቱ ጋ እንደማይነዝር እጃቸው አጥንቶታል። መዝሙር ይህን ቢሰማ ባለሙያም ሳይጠራ ቤቱን እንደሚያፈርሰው ስለሚያውቁ ለነፍስ አባታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጥበት መንገድ ወጡ። ከሱቆቹ ደጃፍ መሣሪያቸውን ይዘው ሥራ የሚጠብቁ ባለሙያዎች አሉ። የመጀመሪያው ቤቱን ሳያይ ዋጋ ጠራ። ሁለተኛው "ችግር የለም እማማ፣ ሁሉም ይሆናል" አላቸው፤ ምን እንደሚሆን ግን አልጠየቃቸውም። ሦስተኛው አዳሙ የሚባል የአዲ አርቃይ ሰው ነው፤ አርባውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ካቻቢቴ ከኪሱ የማይለይ።

"ቤቱ ብሎኬት ነው ጭቃ?"

"ጭቃ።"

"እንግዲያማ ሳላየው ምንም አልል።"

እሱን ይዘው ተመለሱ።

አዳሙ ገብቶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰና "ይኸንን የለሰነ ሰው ማን ነው?" አለ።

"ምነው?"

"አዲ አርቃይ ቢያገኙት ቤተ ክርስቲያን ያስለስኑታል።"

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። መዝሙር ሥራውን ሊያይ መጥቶ ነበርና "ደልለሽዋል መሰለኝ" አላቸው።

የአዳሙ ሐሳብ ቀላል ነበር። የድሮውን መስመር ከቆጣሪው ላይ ቆርጦ እንዳለ ይተወዋል፤ አዲሱን ሽቦ ደግሞ ካናሊና በሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርጎ ከግድግዳው ላይ ያስኬደዋል። ምንም አይፈርስም። መብራቱን አጠፋና፣ ከጎረቤት በተሳበ ገመድ በሚሠራ መሰርሰሪያ ከበሩ አጠገብ በሳ። ቪቱን፣ ጠምዛዛውን ሚስማር፣ አጥብቆ ካሰረው በኋላ በሁለት ጣቱ ሳብ ቢያደርገው ተነቅሎ መጣ። ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ሞከረ፤ ያም መጣ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ሰፌድ የሚያህል ልስን ተገምሶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል "ወይኔ!" አሉና አፋቸውን ያዙ።

አዳሙ ከመሰላሉ ወርዶ ግድግዳውን በጣቱ አጥንት ከዳር እስከ ዳር አንኳኳ። ድምፁ የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው።

"እማማ፣ ልስኑ ወፍራም ነው፤ ቪት አይዝም። የሚይዘው ከውስጥ የቆመው እንጨት ነው። የድሮው ሽቦ እንጨቱ ላይ ነው የተመታው፤ ሽቦውን ባገኝ እንጨቱን አገኝ ነበር። ግን እሱም የት እንዳለ አይታይም። እየበሳሁ ልፈልግ ብል ግድግዳዎን ወንፊት አደርገዋለሁ። ልስኑን ሁሉ ላራግፍ ብል ደግሞ ግድግዳው አብሮ ላለመምጣቱ ዋስ አልሆንም።"

"ስለዚህ አይሆንም ነው የምትለው?" አለ መዝሙር።

አዳሙ መልስ ከመስጠቱ በፊት የወደቀውን ልስን አነሣና ውፍረቱን አየ። "እንዲህ ከሆነ አይሆንም" አለ።

መዝሙር አልፎከረም። ወደ እናቱ ጠጋ ብሎ "ሰማሽ እማዬ" አለ፤ ድምፁም ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር። ይህ ሐዘኑ ነው ወይዘሮዋን የባሰ የከበዳቸው። ዝም ቢሉ ቤቱ ይፈርሳል። ቢናገሩ ልጃቸው ያንኑ ነገራቸውን ይዞ ያፈርሰዋል። ወደ ማድ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በእጃቸው ከሰል ይዘዋል።

"አዳሙ፣ ሽቦው የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ።"

ከኮርኒሱ በታች ከሚታየው ሽቦ ጀምረው ቁልቁል አሰመሩ። ወገባቸው ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ አጠፉት፤ ከመስኮቱ ሥር አሳለፉና እንደገና ቁልቁል አወረዱት። ወደ ሁለተኛው ግድግዳ አለፉ፤ ከዚያም ወደ ሦስተኛው። እጃቸው የትም አላመነታም። ነጩ ግድግዳ በጥቁር መስመር ተሞላ።

"በምን ያውቁታል?" አለ አዳሙ።

"ስለስነው ይነዝረኛል።"



አዳሙ ነገሩን በቃል አልተቀበለም፤ አላስተባበለምም። መብራቱን ያጠፋበትን ፊውዝ መለሰ። ረጅም ሚስማር ደጅ መሬት ውስጥ ሰክቶ የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ በገመድ አሰረበት፤ ግድግዳውን ከሰሉ ካለበትም ከሌለበትም ቦታ በውኃ አራሰና ሌላውን ጫፍ አስነካው። ከሰሉ ካለበት፣ ሰባ አንድ ቮልት። ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ዘጠኝ። ሌላ መስመር ላይ፣ ስድሳ አራት። ከእሱም ራቅ ብሎ፣ ስድስት። መብራቱን እንደገና አጠፋና መስመሩ ላይ በመሮ ቆፈረ። አራት ጣት ያህል ገብቶ ጨርቅ ልብሱ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ሽቦ አገኘ። ከሽቦው ኋላ የጥድ እንጨት ቆሟል። ቪቱን እዚያ አሰረው፤ ሁለት እጁን አስገብቶ ቢስበው አልነቃነቅ አለ።

"እማማ፣ እንዲህ ያለ ቴስተር በዕድሜዬ አላየሁ።"

"ምነው፣ ልትገዛኝ ነው?"

አዳሙ ሳቀ። መዝሙር ግን አልሳቀም። በሩ ላይ እንደቆመ ነው።

"ስንት ዓመት ነው?" አለ።

"ምኑ?"

"እማዬ!"

"አባትህ ካረፈ ወዲህ ነው የባሰበት።"

"ማን ነበር አጠገብሽ?"

"ማን ይኖራል? ቁርበት ላይ ነው የምቆመው።"

"ቁርበቱ እንኳ ደግ አደረጉ" አለ አዳሙ። "ደረቅ ከሆነ።" ከዚያ የመዝሙርን ፊት አየና መሣሪያውን ሊሰበስብ ጎንበስ አለ።

"ቃል ሰጥተኸኛል" አሉ ወይዘሮዋ። "ሳይፈርስ ይሆናል ካለ ትተወኛለህ ተባብለናል።"

"ቃሌን የሰጠሁት ይህን ሳላውቅ ነው።"

"አሁን ያወቅኸው እኔ ስለነገርኩህ ነው። ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ዕቃዬን እያሰርክ ነበር።"

መዝሙር ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የእናቱን ቀኝ እጅ ይዞ ገልበጥ አድርጎ አየው፤ ምልክት የሚፈልግ ይመስል ነበር። ምልክት የለውም። ጭቃ ያደረቀው የአሮጊት እጅ ብቻ ነው።

"ሁለተኛ ብቻሽን አትለስኚም" አለ በመጨረሻ።

"ታዲያ ከማን ጋር?"

"ከኔ ጋር።"

"አንተ? ጭቃ ልትረግጥ?"

"እረግጣለሁ።"

"መምህር ሆነህ?"

"መምህር እግር የለውም?"

ሥራው ግን ሁሉም እንዳሰቡት አላለቀም። በመኖሪያ ክፍሎቹ ያሉት ሦስቱ መስመሮች ከጥሩ ጥድ ጋር ተገኙ። የማድ ቤቱን ግድግዳ ሲበሳ ግን መሰርሰሪያው ያለ ድካም ገባ፤ ሲወጣ ዱቄት ይዞ ወጣ። እንጨቱን ምስጥ ጨርሶታል። አዳሙ ዱቄቱን በመዳፉ ይዞ ለወይዘሮዋ አሳያቸው። "እማማ፣ ይኸንን አልዋሽዎትም፤ ይህ ግድግዳ መውረድ አለበት።" ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ዱቄቱን በጣታቸው ነካ አድርገው "ይውረድ" አሉ። ያ ግድግዳ በብሎኬት ተተካ። እሱን ለመለሰን አልሞከሩም፤ እንግዳ ሲመጣ የማድ ቤቱን በር ገርበብ ያደርጉታል።

አዳሙ የድሮውን መስመር ከቆጣሪው ቆረጠ፤ አዲስ ሽቦ አስገባ፤ የመሬት መስመር ቀበረ፤ ኤሌክትሪክ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ሰው ሲያፈተልክ ራሱ የሚያጠፋ ብሬከር ሰቀለ። ካናሊናው በእንጨቶቹ ላይ ሄደ። ከአሁን ወዲያ ልስኑ ካናሊናውን መሸፈን የለበትም፤ ከጠርዙ አንድ ጣት ራቅ ብሎ ይቁም ብሎ አስጠነቀቀ። ወይዘሮዋ ካናሊናውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ አልወደዱትም።

"ቢያንስ ነጭ ነው" አሉ።

ክረምቱ ሊያልፍ ጳጉሜን ሲገባ መዝሙር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ጭቃ ረገጠ። ጭዱን አበዛው ተብሎ ተሰደበ፤ ውኃ አሳነሰ ተብሎ እንደገና ተሰደበ። እናቱ በመዳፋቸው ለሰኑ፤ ከካናሊናው ጠርዝ ሲደርሱ አንድ ጣት እየለኩ ቆሙ። እሱ ደግሞ ኋላ ኋላቸው እየሄደ ያለሰልስ ነበር፤ ያለሰለሰውን ግማሹን መልሰው አበላሹበትና ራሳቸው አስተካከሉት። አዳሙ ተጠርቶ ስለነበር ልስኑ ገና ሳይደርቅ ደረሰ። ሚስማሩን ደጅ ሰክቶ መብራቱ እንደበራ ሦስቱን ግድግዳዎች ከላይ እስከ ታች በየክንዱ ለካቸው። ከሁሉ ከፍ ያለው ልክ ዜሮ ነጥብ ሦስት ቮልት ነበር፤ ሰው አይነዝርም።