የሦስት ቀን ልጅ

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠበት ሰዓት ጀምሮ እስኪነሳ ድረስ አፉ አያርፍም። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተመልሶ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ሲል «ደህና ነው» ብቻ ብሎ ዝም አለ።

«ደህና ነው ማለት?»

«ደህና ነዋ። ተኝቷል።»

«እስቲ እየኝ።»

አላያትም። ልጁ ከተወለደ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጡት እምቢ ስላለ ለክትትል ብለው የወሰዱት ማታ ነበር። እሷ በቀዶ ጥገና ስለወለደች ገና ከአልጋ አልተነሳችም። ባሏ አንድ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ የሆነ ነገር ጨብጧል።

«አውጣው» አለችው።

የልጁ አፍ መጥረጊያ ጨርቅ ነበር። መሀሉ ላይ የተጨመቀ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ እድፍ አለበት።

«አስመለሰው» አለ። «ሕፃን ያስመልሰዋል ብዬ...»

አዋላጇ የነገረቻት ትዝ አላት፦ ወተት ቢመልስ አትደንግጪ፤ አረንጓዴ ከሆነ ግን ሮጣችሁ ንገሩን። ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጋ እግሯን ወደ መሬት አወረደች።

አጠገቧ የነበረችው የባሏ ታላቅ እህት ከወንበሯ ብድግ አለች። ሁሉም እታለም ነው የሚሏት። «አንቺ ልጅ፣ አበድሽ? ስፌቱ ይበጠሳል!»

«ይበጠስ።»

አንድ እጇን ሆዷ ላይ፣ አንድ እጇን ባሏ ትከሻ ላይ አድርጋ ኮሪደሩን ጨረሰች። ሊፍቱ አልመጣ ሲል አንድ ፎቅ በደረጃ ወጡ። በየደረጃው ጥርሷን ትነክሳለች። የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ በር ላይ ጥበቃዋ «የጠዋቱ ሰዓት አልቋል» ብላ እጇን ዘረጋች።

«የኔ እናት፣» አለች እታለም፣ «ልጁ እንዲህ ሆኖ ሰዓት ጠብቁ ነው የምትይን?» ጨርቁን ፊቷ ላይ ዘረጋችላት። ጥበቃዋ በሩን ከፈተች።

መነጽር ያደረገች ወጣት ሐኪም ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አየችው። ከዚያ የልጁን ሆድ በሁለት ጣቷ ጫን ጫን አደረገች። የተነፋ ነበር። ልጁ አለቀሰ፤ ድምፁ ግን ሰልሏል።

«መቼ ነው ያስመለሰው?»

«አንድ ሰዓት ይሆነዋል» አለ አባትየው።

ሐኪሟ ስልክ አነሳች። ስትጨርስ ወደ እነሱ ዞረች። «አንጀቱ የተጠማዘዘ ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ደም አይደርሰውም። በአልትራሳውንድ አይተን ወዲያው ቀዶ ጥገና ይገባል። የምንጠብቅበት ጊዜ የለንም።»

የስምምነት ወረቀቱ መጣ። በየቀኑ ምላጭ በሰው አንገት ላይ የሚያሳልፈው እጅ እስክሪብቶ መያዝ አቃተው። እሷ ተቀብላው ፈረመች። «ሞት ሊያስከትል ይችላል» የሚለውን መስመር አንብባዋለች።

ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀምጠው ወደ ባሏ ዞረች።

«አንድ ሰዓት ሙሉ ኪስህ ውስጥ ይዘኸው ዞርክ?»

«ብነግርሽ ትነሻለሽ ብዬ... ፈራሁ። ለሐኪም ባሳይ ደግሞ የሚሉኝን ፈራሁ።»

ወዲያው ደረቷ ሲሞቃት ዝቅ ብላ አየች። ወተቷ መጥቶ ቀሚሷን አርሶታል። እስከዚያች ደቂቃ ያላለቀሰችው ሴትዮ ያን ጊዜ ሆዷን ይዛ አለቀሰች። ሲቃው ስፌቱን እየጎተተ ያማታል፤ ማቆም ግን አልቻለችም። እታለም ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጣል አደረገችላትና «ይኸው፣ ምሳው ቀድሞት ደረሰ» አለች። ልታስቃት ፈልጋ ነበር።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ወጣ። የቆቡ ላስቲክ ግንባሩ ላይ ቀይ መስመር ትቷል።

«ተጠማዝዞ ነበር። ስንፈታው ጠቁሮ ነበር፤ በሙቅ ጨርቅ ጠቅልለን ጠበቅን። አብዛኛው ቀለሙ ተመለሰ፤ የአውራ ጣት ያህል ቆርጠን አወጣን።»

«ይተርፋል?» አለች።

«ሁለት ቀን ይለፍና እንነጋገር። ሌላ አንድ ሰዓት ብትቆዩ ኖሮ ግን አይተርፍም ነበር።»

ባሏ በግድግዳው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ንዴቷ ገና አልወጣላትም። እጇን ግን ራሱ ላይ አሳረፈች፤ እሱም ያዛት።

ሁለቱ ቀን ሦስት ሆነ። በሁለተኛው ቀን ልጁን ትኩሳት ይዞት ሁሉም ተሯሯጠ፤ በሦስተኛው ረገበለት። በስምንተኛው ቀን ነርሷ ከእናቱ የታለበ ሁለት ሚሊ ወተት በቱቦ ሰጠችው። ሦስቱም አልጋውን ከበው ጠበቁ። አላስመለሰውም። በማግስቱ አምስት ሚሊ ሆነ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ሽቦውን ሁሉ ነቅለው ልጁን አስታቀፏት። ከመጠን በላይ ቀለላት፤ ከእጇ የሚያመልጥ መሰላት። ወደ ቤት ለመሄድ ደረጃውን ስትወርድ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ መሀል ላይ ተቀመጠች። ባሏ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ እታለም ከኋላዋ ሆና፣ እስክትነሳ ድረስ አብረዋት ተቀመጡ።