ጉልበት ከዳሌ በላይ እንዳይወጣ

ወይዘሮ ሸዋረጋ የወደቁት በ1963 ዓ.ም. ክረምት፣ ኮልፌ ገበያ ውስጥ ቅቤ ሲያሸቱ ነው። ቅቤውን ለባለቤቱ ከመመለሳቸው በፊት ጭቃው አንሸራተታቸው። በኮባ የተጠቀለለው ቅቤ ምንም አልሆነም። የተሰበረው የእሳቸው ዳሌ ነው።

መጀመሪያ ወጌሻ መጣ። እግራቸውን ሳበ፣ አሸ፣ በቀርከሃ አሰረ፤ ሲሄድም እጁን የማያውቅ ሰው በአካባቢው እንደሌለ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ግራ እግራቸው ከቀኙ አጥሮ፣ ጣቶቹ ወደ ውጭ ዞረው ቀሩ። ባለቤታቸው ሻምበል ባሻ ገረሱ ለጥቂት ቀናት እግሩን ሲመለከቱ ሰነበቱና፣ ይህ እግር አቋሙ ከደንብ ውጭ ነው ብለው ታክሲ አስጠሩ።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ካየ በኋላ፣ የተሰበረውን የአጥንት ራስ አውጥቶ በብረት እንደሚተካው በአስተርጓሚ ነገራቸው። ወይዘሮ ሸዋረጋ ብረቱ ይዝግ እንደሆነ ጠየቁ። አይዝግም ተባሉ። ሻምበል ባሻ ደግሞ ብረቱ የየት አገር እንደሆነ ጠየቁ። የእንግሊዝ ነው ሲባሉ ጥቂት አሰቡና ፈቀዱ።

ሻምበል ባሻ ገረሱ ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት ያሳለፉ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም በየቀኑ ጢማቸውን ተላጭተው ክራቫት የሚያስሩ አጭር ሰው ናቸው። ኮልፌ ውስጥ የሚታወቁት በሽምግልና ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት አጥር ሲገፋ ሰዉ የሚመጣው እሳቸው ሳሎን ነው። እሳቸው ከጦር ካምፕ ባመጧት ባለመደገፊያ ወንበር ይቀመጣሉ፣ ባለጉዳዮቹ አግዳሚ ላይ ይደረደራሉ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ ደግሞ ጓዳ ውስጥ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ሆነው ክርክሩን በመጋረጃው በኩል ይሰማሉ። ሳሎን እንዳይቀመጡ የከለከላቸው ማንም አልነበረም። ሥራው ያለው ጓዳ ነው፤ ዱካውም ያለው እዚያው ነው።

ከሆስፒታል በወጡበት ዕለት ነርሷ ሁለቱንም አቁማ ትእዛዝ ሰጠች።

“ዋናው ነገር፣ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው በላይ እንዳይወጣ” አለች። “ከወጣ ብረቱ ከቦታው ይወልቃል።”

ስለዚህ ዱካ የለም። ቁጢጥ ማለት የለም፣ እግር ማነባበር የለም፣ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማድረግ የለም። ነጠላ ጫማ ስለሚያንሸራትት እሱም የለም። ጧት ጧት ማሰሪያ ያለው ጫማ አድርጎ በክራንች መራመድ ግን ግዴታ ነው። እስከ መቼ ተብላ ስትጠየቅ፣ ሐኪሙ በቃ እስኪል ድረስ አለች። ወይዘሮ ሸዋረጋ በልባቸው፣ ይህ ሁሉ ከተከለከለ የቀረኝ መሞት ብቻ ነው ብለው አሰቡ። ሻምበል ባሻ ግን ቀጥ ብለው ቆመው ነው የሰሙት። በሕይወታቸው የተቀበሉትን ትእዛዝ ሳይፈጽሙ የቀሩበት ጊዜ አልነበረም፤ ትእዛዝ ሰጪውንም አይመርጡም ነበር።

ቤት እንደደረሱ ሜትር አውጥተው መቀመጫዎቹን ሁሉ ለኩ። ዱካው ሳይለካ ቀረ። አግዳሚው አላለፈም። የራሳቸው ባለመደገፊያ ወንበርም አላለፈም፤ እሱን ሁለት ጊዜ ለክተውታል። ከዚያ አናጢው ጎረቤታቸው ረሻድ ዘንድ ሄዱ። ረሻድም ከዋንዛ እንጨት ከፍ ያለ ወንበር ሠራ፤ ለሽንት ቤቱ ደግሞ መሐሉ የተቆረጠ ሳጥን ሠራ። በሰፈሩ ወሬ ያስነሣው ሳጥኑ ነው። ምንም ያላመማቸው ሰዎች ሊያዩት እየመጡ ፈቃድ ጠየቁ፤ አንዳንዱም ከውስጥ ቶሎ አልወጣም።

ወንበሩ በጓዳው በር አልገባ ስላለ ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ተደግፈው ወጡበት። ሻምበል ባሻ ፊት ለፊት ባለችው ወንበራቸው ሲቀመጡ ዓይናቸው ከሚስታቸው አንገት በላይ አልደረሰም።

ጠያቂ መምጣት ጀመረ። ወተት የያዘም፣ ዳቦ የያዘም ሰው ገና ከበሩ ሲገባ ከፍተኛውን ወንበር ያይና ወደዚያ ዞሮ እጅ ይነሣል፤ ሻምበል ባሻን የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። ወይዘሮ ሸዋረጋ መነሣት ስለሚያስቸግራቸው ሁሉንም ተቀምጠው ይቀበላሉ። በመጀመሪያው ሰሞን ገበያ መሐል ያለ ነጠላ እንደቆመ ሰው አፈሩ። ኋላ ግን ዓመታት ሙሉ ድምፃቸውን ብቻ የሚያውቋቸውን ሰዎች ፊት ማየት ወደዱ። አንድ ጎርናና ድምፅ ያለው ሰው ነበር፤ ከጓዳ ሲሰሙት ግዙፍ ይመስላቸው ነበር። ሲያዩት ፊቱ የሎሚ ያህል ነው። በዚህ ቀኑን ሙሉ ተደሰቱ።

ችግሩ የመጣው ሽምግልናው ላይ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በጎርፍ መውረጃ ቦይ ተጣልተው መጡና ክርክራቸውን ለወይዘሮ ሸዋረጋ ያስረዱ ጀመር። ሻምበል ባሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ተከራካሪው ይቅርታ ጠይቆ ወደ እሳቸው ዞረ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን አንገቱ ወደ ላይ ተመለሰ። ሰው በደሉን ሲናገር ቀና ማለት ይወዳል። ወይዘሮ ሸዋረጋ ምንም አልፈረዱም፤ ዝም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ ሰዎቹም ታርቀው ሄዱ። ሲወጡ ያመሰገኑት ወይዘሮዋን ነው።

በማግሥቱ ሻምበል ባሻ ረሻድ ዘንድ ሄዱ።

“ለእኔም አንድ ወንበር ሥራልኝ” አሉት።

ረሻድ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ “ከእትዬ ሸዋረጋ ይብለጥ ወይስ እኩል ይሁን?” ሲል ጠየቀ።

ሻምበል ባሻ፣ ረሻድ አንድ ሳንቃ ልጎ እስኪጨርስ ድረስ አሰቡ።

“ሐኪሙ ያዘዘው ልክ አንድ ነው” አሉ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ በቁመት ባላቸውን ይበልጣሉ። ሁልጊዜ ዱካ ላይ ስለሚቀመጡ ጉዳዩ በትዳራቸው ተነሥቶ አያውቅም። አዲሱ ወንበር መጥቶ ሻምበል ባሻ ሲወጡበት ግን እግራቸው መሬት አልደረሰም። ወይዘሮ ሸዋረጋ ወደ መስኮቱ ዞረው ውጭውን ብዙ ተመለከቱ። ሻምበል ባሻ ያን ዕለት እግራቸው ተንጠልጥሎ አንድ የፍቺ ክርክር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ። በኋላ የሳሙና ሳጥን ከሥሩ ተደረገ።

ጧት ጧት ለወይዘሮ ሸዋረጋ ካልሲና ጫማ የምታደርግላቸው የረሻድ ሚስት ዘሀራ ነበረች። ዘሀራ እናቷ ታመው ወደ ቡታጅራ በሄደች ዕለት ወይዘሮ ሸዋረጋ ከፍ ብሎ በተነጠፈው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ባዶ እግራቸውን ሲያዩ ቆዩ። ሻምበል ባሻ ሰዓታቸውን አዩ። የመራመጃው ሰዓት ደርሷል።

“ዛሬን ብንተወውስ?” አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ።

“ትእዛዝ ነው” አሉ ሻምበል ባሻ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ተንበረከኩ።

በዚያ ቤት ማታ ማታ እግር የሚያጥቡት ወይዘሮ ሸዋረጋ ነበሩ፤ የሚታጠበውም የሻምበል ባሻ እግር ነበር። ነገሩ ተገልብጦ ሲያዩት ወይዘሮ ሸዋረጋ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሻምበል ባሻ ግን ሥራ ላይ ናቸው። እግሩን አንሥተው መረመሩ።

“ይህች ትንሿ ጣትሽ ምን ሆና ነው የተጣመመችው?”

“የተጋባን ዓመት ሙቀጫ ወድቆባት ነው።”

“አልነገርሽኝም።”

“አልጠየቁኝም።”

ሻምበል ባሻ ጣቷን ለጥቂት ጊዜ በእጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ ካልሲውን በጣም ቀስ ብለው አጠለቁት።

አንዱን ጫማ እያሰሩ ሳለ አሥር አለቃ ደሜ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ደሜ በሻምበል ባሻ ሥር ያገለገለ፣ አሁን ጦር ኃይሎች አጠገብ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ነው። እንደምን አደራችሁ ብሎ ጀመረና፣ አለቃውን በሚስታቸው እግር ሥር ተንበርክከው ሲያይ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዋጠው። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ስላጣ ከልማድ የተነሣ ተረከዙን አጋጥሞ ቀጥ አለ።

ሻምበል ባሻ ዞር አላሉም። “ደሜ፣ አንድ እግር ይቀረኛል” አሉ። “ቆየኝ።”

ደሜ ቆየ። ሁለተኛው እግር ታስሮ ሲያበቃ ሻምበል ባሻ ሊነሡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ደሜ እጁን ሰጥቶ አነሣቸው።

ደሜ ወሬኛ አይደለም። ለሚስቱ ብቻ ነው የነገረው። በዚያው ሳምንት ሻምበል ባሻ ጠጅ ቤት ሲገቡ ጨዋታው ተቋረጠና አንድ ጡረተኛ ጓደኛቸው፣ ለወይዘሮዋ ጫማ ያስራሉ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እውነት ነው፣ የሐኪም ትእዛዝ ነው አሉ።

“የታዘዘው እሷ እንዳትጎነበስ ነው” አለ ሰውዬው። “እርስዎ እንዲጎነበሱ ማን አዘዘ?”

ሻምበል ባሻ ብርሌያቸውን ጨርሰው ወጡ። መንገድ ላይ የነርሷን ቃል ከመጀመሪያው ጀምሮ በልባቸው ደገሙት። ሰውዬው ልክ ነው፤ ስለ እሳቸው የተባለ ምንም ነገር የለም። በማግሥቱ ጧት ባርኔጣቸውን አውልቀው ተንበረከኩ። ዘሀራ ከቡታጅራ ተመልሳ ስትመጣም ከበሩ ላይ፣ ስለ እናቷ ጤና በደንብ ከጠየቋት በኋላ፣ የጫማው ሥራ ሰው እንደተመደበለት ነገሯት።

በጥር ወር ወደ ሆስፒታል ተመለሱ። ሐኪሙ ወይዘሮ ሸዋረጋን ያለ ክራንች አስኬዳቸው፤ ሄዱ። እግራቸውን አጥፎ ዘረጋ፤ አላመማቸውም። ከእንግዲህ ዱካ ባይቀመጡ መልካም ነው፣ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማድረግ ግን ይችላሉ አለ። ሁለቱም ምስጋና አቀረቡ እንጂ ከሁለቱም ፊት ላይ ትልቅ ደስታ አልታየም።

ሊወጡ ሲሉ ሐኪሙ ሻምበል ባሻን ጠርቶ፣ ለምን እንደሚያነክሱ በአስተርጓሚ ጠየቃቸው። ሱሪያቸው ተጠቅልሎ ታየ። ቀኝ ጉልበታቸው አብጦ ውሃ ቋጥሯል። ሐኪሙ፣ ይህ ወለል ሲወለውሉ የሚውሉ ሰዎች በሽታ ነው፤ ሥራዎ ምንድን ነው አላቸው። ጡረታ ላይ ነኝ አሉ ሻምበል ባሻ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሙ ለሻምበል ባሻም ትእዛዝ ሰጠ፤ ከዛሬ ጀምሮ መንበርከክ የለም። ሻምበል ባሻ በአንድ እግራቸው ተደግፈው፣ የቻሉትን ያህል ቀጥ ብለው ተቀበሉ።

ከዚያ ወዲህ ጫማቸውን የሚያስሩት ራሳቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ ናቸው። ብዙ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ሻምበል ባሻ አጠገባቸው ቆመው፣ ቀኙን አጥብቂው፣ ግራው ላልቷል ይላሉ፤ ወይዘሮ ሸዋረጋም እሺ እያሉ እንዳሻቸው ያስራሉ። ከዚያ አብረው ይወጣሉ። ሁለቱም የሚያነክሱት በተለያየ ወገን ስለሆነ፣ ሲራመዱ አንዴ ይቀራረባሉ፣ አንዴ ይራራቃሉ።

ሰፈሩ ስለ ጉልበታቸው ሲጠይቃቸው ሻምበል ባሻ የኮሪያ ነው ይሉ ነበር። ሰዉም አመነ። ደሜ ግን ኮሪያ አብሯቸው የዘመተ ሰው ነው፤ ሻምበል ባሻ እዚያ የብርድ ልብስ መጋዘን ሲጠብቁ ከርመው አንድ ጭረት ሳይነካቸው እንደተመለሱ ያውቃል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ሳሎን ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ፣ ጉልበትዎ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ባላቸውን ዓይን ለዓይን አዩ። ሻምበል ባሻ ጉልበታቸውን አሹ።

“ጫማ ሳስር ነው” አሉ።

ደሜ የማን ጫማ ብሎ አልጠየቀም። ሻዩን ረጅም ጊዜ አማሰለ። ከዚያ፣ ሚስቱም ከፋሲካ ወዲህ ወገቧን እንደያዛት፣ ጎንበስ ማለት እንዳቃታት ቀስ ብሎ ተናገረ።

“ሐኪም ምን አዘዘ?” አሉ ሻምበል ባሻ።

“ገና አልሄድንም። ግን እኔ፣ ሻምበል ባሻ፣ ማሰር የማውቀው የወታደር ጫማ ብቻ ነው።”

“ያው ነው” አሉ ሻምበል ባሻ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ማንቆርቆሪያውን አንሥተው ለደሜ ሻይ ጨመሩለት።