የወዳጆች ወሽመጥ

ቨርሊን የመተንፈሻ ቱቦዋን ነክሳ በጀልባቸው ሆድ ላይ የተጣበቀውን የባሕር ቅርፊት ስትፍቅ፣ ከጎን ሞቅ ያለ ውኃ መጣባት። መጀመሪያ ፀሐይ ያሞቀው መሰላት። ወዲያው ቢጫ ጉም ከበባትና የራሰ ወረቀት ጉንጯ ላይ ተለጠፈ። እየተንቦጫረቀች ወጥታ መሰላሉን እንደያዘች አስመለሳት።

ከጎናቸው ከቆመው ከጎርደን ጀልባ የተለቀቀ ነበር። ጎርደን ካናዳዊ ሽማግሌ ነው፤ በወሽመጡ ደግነቱ የተመሰከረለት። እሷና ባሏ ከርቲስ ከትሪኒዳድ ተነሥተው በየደሴቱ ሲንከራተቱ ከርመው ካሪያኩ ደሴት የደረሱ ዕለት፣ መልሕቃቸው አልይዝ ሲል ዘሎ ገብቶ ያስያዘላቸው እሱ ነው። በማግስቱ የሙዝ ዳቦ ጋግሮ መጣ። በየጠዋቱ በሬዲዮ የባለ ጀልባዎቹን ስም እየጠራ ደህና አደራችሁ የሚለውም እሱ ነው። ዳቦው ትዝ ሲላት ምራቋን ተፋች።

ዓሣ ልትሸጥ ከደሴቱ መንደር እየቀዘፈች የመጣችው ሚስ ኢስሜይ አየቻትና ሳቀች።

"ምነው እመቤት፣ ጠጣሽው እንዴ?"

"ሰውዬው መፀዳጃውን ለቀቀብኝ!"

"እሱ ብቻ ነው እንዴ? ሁላችሁም እዚሁ አይደል የምታፈሱት? የእኛ ልጆች እዚህ ውኃ መግባት ከተዉ ቆዩ፤ ገላቸው በቁስል አለቀ። እናንተ ግን በሬዲዮ 'ገነት' ትሉታላችሁ አሉ።"

"ነግራችኋቸው አታውቁም?"

"ነገርናቸው እንጂ። ዳቦ ሰጡን።"

ቨርሊን በሳሙና ደጋግማ ታጠበች፤ ሽታው ግን ከአፍንጫዋ አልወጣ አለ። ከርቲስ ሻይ ሲያማስል አገኘችው።

"ዛሬ በሬዲዮ እናገራለሁ።"

"ኧረ ተይ በእናትሽ! ስንት ወደብ ዞረን ሰው ያገኘነው እዚህ ነው። ቅዳሜ እኮ ለእኛ ብለው ነው የሚደግሱት። ከሰው ልታጣይን ነው?"

እሷም ድግሱን ጓጉታ ነበር። ብቸኝነቱ ሰልችቷታል።

"የእኛስ መፀዳጃ ግን ወደ ማጠራቀሚያው ታንከር ነው አይደል የሚገባው? ወጥተን ጥልቁ ባሕር ላይ ነው የምንደፋው፤ እንደዚያ ነው ያልከኝ።"

ከርቲስ ማማሰሉን ቀጠለ።

"ከርቲስ!"

"ለመድፋት ብለን መልሕቅ ነቅለን በወጣን ቁጥር ቦታችንን ይይዙብናል። ሁሉም የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት፤ ምን አዲስ ነገር አለው?"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነበርና! ከጉንጯ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ይልቅ የባሏ ነገር አስጠላት። ይህን ያህል ጊዜ ደረቷን ነፍታ ውኃውን ያቆሸሸችው እሷም ናት። ተንበርክካ የወለሉን ክዳን አነሣች። የመፀዳጃው ቱቦ መዝጊያ ቫልቭ እጀታ ወደ ባሕሩ ተከፍቶ ነበር። እያንገፈገፋት ይዛ አዞረችው፤ እስኪጠብቅ ድረስ።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና የጎርደን ደስተኛ ድምፅ መጣ።

"ደህና አደራችሁ፣ የገነት ሰዎች! አዲሶቹ ጎረቤቶቻችን፣ እስቲ ዛሬ ራሳችሁን አስተዋውቁን።"

ከርቲስ ወደ መነጋገሪያው እጁን ሰደደ። ቀደመችው።

"ቨርሊን እባላለሁ። የእኛ መፀዳጃ እስከ ዛሬ ጠዋት እዚህ ውኃ ውስጥ ሲፈስ ነበር፤ አሁን ዘግቼዋለሁ። ጋሽ ጎርደን፣ የእርስዎስ?"