ዝም የምትለዋ በሽተኛ

ልብስ ሰፊዋ የፈቃድ ወረቀቱን ለሦስተኛ ጊዜ ከላይ ጀምራ አነበበችው። የግራ ክንዷን ቅርጽና ድምፅዋን ለነርሶች ማስተማሪያ አሻንጉሊት እንድትሰጥ ይጠይቃል። ከተወለደች ጀምሮ ክርኑ ታጥፎ የቀረውን ይህን ክንድ ማንም ፈልጎት አያውቅም፤ ዛሬ ድንገት ተፈላጊ መሆኑ አልጣማትም።

«እትዬ፣ ፈርሚና እንሂድ እንጂ» አለች ታናሽ እህቷ። «እንዳንቺ ያለ ሰው ሲመጣ ነርሶቹ ግራ እንዳይገባቸው ብለው እኮ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ያሉሽን ሁሉ ታምኛለሽ። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው!»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አይፈረድባትም። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ነርስ የደም ግፊቷን ሊለካ ይህንኑ ክንድ ጎትቶ ሲያቃና አጥንቷን ሰብሮታል። ሁለት ወር ሙሉ ጨርቅ መያዝ አቅቷት ስፌቷ ቆመ። ሰውዬው ግን ካርዷ ላይ «በሽተኛዋ አልተባበረችም» ብሎ ጽፎ አረፈው።

ወረቀቱን የሰጠቻት አስተማሪ ነርስ ወደ ተማሪዎቹ መለማመጃ ክፍል አስገባቻቸው። «እስቲ መጀመሪያ አሻንጉሊቷን ይዩአት። ክንዷን ለጊዜው በግምት ነው የሠራነው።»

አልጋው ላይ የሰው ቁመት ያላት የጎማ ሴት ተኝታለች፤ ግራ ክርኗ ታጥፏል። አንድ ተማሪ የግፊት መለኪያውን ይዞ ቀረበ። ክንዷን በሁለት እጁ ጨብጦ ሳብ ሲያደርገው ምንም ድምፅ ሳያሰማ ተዘረጋለት። መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠቀለለ።

«ጎበዝ! አጠቃለልህ ልክ ነው» አለች አስተማሪዋ።

ልብስ ሰፊዋ በንዴት ከወንበሯ ተነሳች። «ሲስተር፣ አሁን እኮ ሰበራት!»

ተማሪው ደንግጦ ወደ እህቷ ዞረ። «እሳቸው ሲለኩ ያማቸዋል እንዴ?»

«እኔን ጠይቀኝ! አፍ አለኝ።»

ተማሪው አንገቱን ደፋ። አስተማሪዋ ቶሎ ብላ ገባች፦ «ድምፅዎን ስንቀዳ ክንዷ ሲሳብ ‹አመመኝ› እንድትል እናደርጋለን።»

«ከተሰበረች በኋላ?»

 ልብስ ሰፊዋ ከአስተማሪዋ እስክሪብቶ ተቀበለችና ወረቀቱ ላይ «ክንድ» የሚለውን ሰረዘችው። «ድምፅ» ከሚለው ጎን ፈረመች።

«ክንዴ ይቆይ፤ እናንተን ገና አላመንኳችሁም» አለች። «መቅጃውን ክፈቺ። ሰው ገና ወደ አልጋዋ ሲጠጋ አሻንጉሊቷ የምትለውን ልስጥሽ።»

አስተማሪዋ ከፈተች። ልብስ ሰፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ቆይ! ይሄኛው አይዘረጋም። በቀኙ ለካኝ።»