ጠፍቶ ያልጠፋው ማሞቂያ

ሬዲዮ ጠጋኟ በባትሪ የሚሠራ ነገር ላይ አንደኛ ናት። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ዕቃ ሲመጣላት ግን እጇን ትሰበስባለች። ሙያውን ያስተማራትን ሰውዬ ዓይኗ እያየ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ወርውሮ መደርደሪያ ሥር ጥሎታል፤ ነፍሱ ብትተርፍም ሁለት ጣቶቹ እስከ ዛሬ አይታጠፉም። ሰፈሩ «ኤሌክትሪክ ፈሪዋ» እያለ ሲያሾፍባት አብራ ትስቃለች። ፍርሃቷ ግን የምር ነበር።

ታላቅ እህቷ ጫጩት አስፈልፍላ ትሸጣለች። አንድ ጠዋት ከማስፈልፈያ ማሽኗ የተነቀለ የተቃጠለ ሪሌይ ይዛ የጠጋኟ ሱቅ ገባች። ሪሌይ ማለት የሙቀት መቆጣጠሪያው ሲያዘው ቀጭ እያለ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። የዚህኛው የውስጥ ብረት ግሎ ስለተጣበቀ፣ ማሞቂያው አልጠፋ ብሎ አራት መቶ እንቁላል ቀቅሎባታል።

«የሚጣበቅ ብረት የሌለው ሥሪልኝ» አለች። «ነገ ሌላ እንቁላል ይገባል።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሬዲዮ ነው የምጠግነው።»

«ታዲያ ዳቦ ጋጋሪ ልጥራ?»

እምቢ ማለት አቃታት። ቀኑን ሙሉ ስትበይድ ዋለች። ትራያክ የሚባለውን ባለ ሦስት እግር ማብሪያ፣ ሙቀቱን እንዲያወጣለት አልሙኒየም ላይ አሰረችው። ከመቆጣጠሪያው የሚመጣው አምስት ቮልት ከግድግዳው ኃይል ጋር እንዳይነካካም መሀል ላይ በብርሃን ብቻ መልእክት የምታቀብል ትንሽ ቺፕ አስገባች። ኃይሉ ከእጅ ወደ እጅ እንዳያልፍባት አንድ እጇን ኪሷ ከታ በአምፖል ሞከረችው። በራ፤ ጠፋ። ኮሽ የሚል ነገር የለም። አሮጌው ቢያንስ ቀጭ ይል ነበር፤ ይሄ ግን መምጣት መሄዱ አይታወቅም።

በማግስቱ እህቷ ቤት ሄዳ ገጠመችው። ሽቦውን አስራ ስትጨርስ እህቷ ቀድማ ስፒናውን ሰካች። ማሞቂያው ጋለ፤ ሙቀቱ ልኩ ሲደርስ የመቆጣጠሪያው ቀይ መብራት ጠፋ።

«ተባረኪ! በይ እንቁላሉ ሳይገባ አንዴ ልጥረገው» አለችና እህቷ እርጥብ ጨርቅ ይዛ በማሽኑ በር እጇን ሰደደች።

ጠጋኟ ዓይኗ ስፒናው ላይ አረፈ። ሁለት ክብ እግር ነው፤ እንዲህም እንዲያም ይገባል። በየትኛው በኩል እንደተሰካ አላየችም።

«አትንኪ!»

ድምጿ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት። እህቷ እንደ ቆመች ደርቃ ቀረች፤ ጨርቁ ከማሞቂያው ጥቅል ሽቦ አንድ ጣት አይርቅም፤ ውኃው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ጠጋኟ ወደ እህቷ ልትሮጥ ነበር፤ መልሳ ወደ ግድግዳው ዞረችና ስፒናውን መንጭቃ ነቀለችው።

«ምን ሆነሻል? ጠፍቷል እኮ!»

ጠጋኟ እህቷን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ስፒናውን እንደነበረው መለሰችና፣ የኤሌክትሪክ መፈተሻ ካቻቪቴዋን ጥቅል ሽቦው ላይ አስነካች። የካቻቪቴው መብራት ቦግ አለ።

«ስፒናው ተገልብጦ ነው የተሰካው» አለች። «ማብሪያው የቆረጠው መመለሻውን ሽቦ ነው፤ መምጫው አልተቆረጠም። ኤሌክትሪኩ እዚህ ድረስ መጥቶ መሄጃ አጥቶ ቆሟል። መሄጃው አንቺ ልትሆኚ ነበር። በትክክል ቢሰካ እንኳ ይሄ ማብሪያ ትንሽ ትንሽ ያሾልካል።»

እህቷ ጨርቁን ጣለችው። ባዶ ሣጥን ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጣ አየችው። «ልጆቼ ያለ እናት ሊቀሩ ነበር» አለች። ጠጋኟም አጠገቧ ተቀመጠች።

ያን ዕለት እንቁላል አልገባም። ጠጋኟ መምጫውንም መመለሻውንም አንድ ላይ የሚቆርጥ ማብሪያ በሩ አጠገብ ገጠመች፤ ጥቅል ሽቦውን በወንፊት ሸፈነች። ሳምንቱን ሙሉ ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ዓይኗን በከደነች ቁጥር ያ እጅ ይመጣባታል፤ ቀን ቀን እየደወለች «ማብሪያውን ሳታጠፊ አልከፈትሽም አይደል?» ትላለች።

«አልከፈትኩም፣ እናቴ» ትላታለች እህቷ። ታላቋ እሷ ሆና።

እንቁላሉ በገባ በሃያ አንደኛው ቀን የደወለችው እህቷ ነበረች። ስልኩን ወደ ማሽኑ አስጠጋችው። የጫጩቶቹ ጫጫታ ጆሮ ያደነቁራል። ጠጋኟ «ስንት ሆኑ?» ልትል ፈልጋ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት።