የአሸብር ማሞቂያ

እኔ የምሸጠው ሚዛን ነው። ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ፣ ስፒከርና ማይክ ብቻ በሚሸጥበት መደዳ መሃል አንዲት የሚዛን ሱቅ አለች፤ እሷ የእኔ ናት። በስተቀኜ ጋሼ አሸብር፣ በስተግራዬ ጋሽ አዩብ አሉ። የሚለየን ኮምፔንሳቶ ብቻ ስለሆነ አንዱ ሲያስነጥስ የሌላው «ይማርህ» የሚያልፈው በእኔ ሱቅ ነው።

የሚሸጡት ዕቃ አንድ ዓይነት ነው፤ አሻሻጣቸው ግን ለየቅል። ጋሽ አዩብ በራፍ ላይ ቆሞ ይጣራል። ደንበኛው የፈለገውን ተናግሮ ሳይጨርስ «አለ፣ ቁጭ በል» ይላል። ዕቃው ይኑረው አይኑረው ሌላ ጉዳይ ነው። ደንበኛው አንዴ በርጩማ ላይ ከተቀመጠ ደላላ ይላካል፣ ዕቃው ካለበት ሱቅ «ይታይ» ተብሎ በእምነት ይመጣል፣ ትንሽ ተጨምሮበት ይሸጣል። ይህ የእሱ ፈጠራ አይደለም፤ መርካቶ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ጋሼ አሸብር ግን የሌለውን «የለኝም» ይላል። በራፍ ላይ ቆሞም አያውቅም። ጫማውን አውልቆ ከባንኮኒው ጀርባ ይቀመጣል፣ የሚመጣውን ይጠብቃል። በወጣትነቱ በሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ይጫወት ነበር። ቤዝ ተጫዋች አይጮኽም ይላል፤ ሰው ያለ እሱ መደነስ እንደማይችል ያውቃላ።

ከዕቃው ሁሉ የሚወደው በመደርደሪያው ላይኛው እርከን የተቀመጠውን አረንጓዴ የብረት ሣጥን ነበር። ቤዝ ተጫዋች መሬት ላይ አስቀምጦ በእግሩ የሚረግጠው ፔዳል ነው፤ ኮምፕሬሰር ይሉታል። ሥራውን አንድ ቀን አስረድቶኛል። በኃይል የተመታውን ድምፅ ያዝ ያደርገዋል፣ ቀስ ተብሎ የተነካውን ያነሣዋል፣ በመጨረሻ ሁሉም እኩል ይሰማል። እንዲህ ያለ ፔዳል ሞልቷል። የእሱን ብርቅ ያደረገው ውስጡ እንደ ድሮ ሬዲዮ የመስታወት ቲዩብ ያለው መሆኑ ነው። የሠራው ሰው ጥቂት ሠርቶ ትቶታል አሉ። ሲሰካ ቲዩቡ በትንሿ መስኮት ውስጥ ቀስ እያለ ይቀላል፣ ሣጥኑም ይሞቃል። መዝኜዋለሁ፤ ሁለት ኪሎ ከሩብ ነው።

ፈላጊ አላጣም ነበር፤ ፈላጊውን የሚመልሰው ራሱ ነው። አንድ የካፌ ባለቤት ለጌጥ ሊገዛው መጥቶ «ቤዝ ትጫወታለህ?» ተብሎ ተጠይቆ ተመልሷል። አንድ ጊታር ተጫዋችም በጊታርም ይሠራል ብሎ ቢከራከረው፣ ጋሼ አሸብር «በጭልፋም ሻይ ይጠጣል» ብሎ ሸኘው። ጋሽ አዩብ ይህን ሲሰማ አንጀቱ ያርራል። ማሞቂያ የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር በእኔ ሱቅ በኩል፣ «አሸብር፣ ማሞቂያህን ሰካው እንጂ፣ ጎረቤት በብርድ ይለቅ እንዴ?» ይለዋል።

ሐምሌ ላይ ነገሩ ወደ ውርርድ ሄደ። ጋሽ አዩብ ውርርድ ሐራም ነው ስላለ «ስምምነት» ተባለ። ማሞቂያው እስከ ደመራ ዕለት ካልተሸጠ፣ ጋሼ አሸብር አንድ ሙሉ ቅዳሜ በጋሽ አዩብ በራፍ ቆሞ ደንበኛ ይጠራል። ከተሸጠ ደግሞ ጋሽ አዩብ በጋሼ አሸብር በራፍ ይጠራል። ምስክር እኔ ሆንኩ። ለጋሽ አዩብ መጣራት እንደ መተንፈስ ነው። ለጋሼ አሸብር ግን፣ የድሮ ባንድ ጓደኞቹ በሚያልፉበት መንገድ ላይ «ግቡ፣ ግቡ» ማለት ከሞት አይሻልም። መስከረም ሲጠባ ጀምሮ ፊቱ ጠቆረ።

የደመራ ዕለት ሰው ችቦ ይገዛል እንጂ ስፒከር አይገዛም። የመደዳችንም እኩሌታ ለመስቀል አገሩ ገብቶ ሱቆቹ ተዘግተዋል። እኔ ሚዛኖቼን እየወለወልኩ ሳለ በስተቀኝ ካለው ኮምፔንሳቶ ጀርባ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጋሼ አሸብር ለብቻው «ግቡ... ምን ነበር... ግቡ...» እያለ ይለማመዳል። ሳቄን በመወልወያው ጨርቅ አፈንኩት።

ይኸኔ ከቁመቷ የሚስተካከል የቤዝ ቦርሳ ያዘለች ወጣት ሴት ወደ መደዳው ገባች። ሶሊ እንደምትባል ኋላ ነው ያወቅነው። በራፍ ላይ ያገኘችው የቆመውን ሰው ነው።

«ምን ነበር እህቴ?» አላት ጋሽ አዩብ።

«ኮምፕሬሰር ፔዳል፣ ለቤዝ፣ ቲዩብ ያ...»

«አለ። ቁጭ በይ።»

ደላላ ጠራ። የወትሮው ደላላችን አገሩ ስለገባ፣ ከጎጃም በረንዳ በኩል ጠሀ የሚባል ጎልማሳ ተተክቶ ነበር። ስለ ስምምነቱ የሰማው ነገር የለም። ሶሊ የምትፈልገውን በስልኳ ላይ አሳየችው፤ ጋሽ አዩብ ዞር ብሎ እንኳ አላየም፣ በርጩማ እየወለወለላት ነበር። ጠሀ ፎቶውን ወደ ስልኩ አስልኮ ወጣ፣ የተዘጉትን ሱቆች አለፈ፣ እኔ ዘንድ ቆመ።

«እትዬ ሠርኬ፣ ይቺ ነገር የት ትገኛለች?»

አየሁት። አረንጓዴ ሣጥን፣ ትንሽ መስኮት። በእጄ የያዝኩት የሩብ ኪሎ መመዘኛ ድንጋይ መሬት ላይ ወደቀ። ምስክር አፍ የለውም። አገጭ ግን አለው፤ አገጬን ወደ ቀኝ አዞርኩ።

ጋሼ አሸብር ለማን እንደሆነ ጠየቀው። ደላላ ገዢውን ከነገረ እንጀራውን ዘጋ፤ ስለዚህ ጠሀ ለአንዲት ቤዝ ተጫዋች መሆኑን ብቻ ነገረው።

«የምር ትጫወታለች?»

«ያዘለችው ቤዝ ነው ጋሼ፤ ሕፃን አይመስለኝም።»

ጋሼ አሸብር ሣጥኑን በአንገት ልብሱ ጠቅልሎ ሰጠው። ባለ ዕቃ ደላላን አይከተልም፤ ነውር ነው። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጀመረ። በርጩማው ሲንቋቋ ይሰማኛል።

እኔ በሱቄና በጋሽ አዩብ በራፍ መሃል ቆምኩ፤ ጠሀ ሣጥኑን በጋሽ አዩብ ባንኮኒ ላይ አስቀምጦ ፈታው። ጋሽ አዩብ አየና በአንገት ልብሱ መልሶ ሊሸፍነው ተጣደፈ። ሶሊ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። የለም እንዳይላት ዕቃው ፊቷ ነው። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ሊያስጠላት ወሰነ። ችግሩ አፉ ማስጠላት ለምዶ አያውቅም።

«ከባድ ነው» አላት። ሶሊ አነሣችው። «ከባድ ነው፣ ግን ክብደቱ ነው ጥራቱ፤ የዛሬ ዕቃ ሁሉ ፕላስቲክ ነው» አለና ከንፈሩን ነከሰ። እንደገና ሞከረ። «አሮጌ ነው። አሮጌ ስልሽ የድሮ ሥራ፣ የድሮ ሥራ ደግሞ...» አለና አፉን በመዳፉ ያዘ። በመጨረሻ ይሞቃል ብሎ አስጠነቀቃት።

«መሞቅማ አለበት» አለች ሶሊ።

«እሱስ እውነትሽን ነው። የማይሞቅ ዕቃ ሬሳ ነው።»

እንድትሸሽ ብሎ ሰማይ የነካ ዋጋ ጠራ። እሷም የመርካቶ ሰው ኖራ ግማሹን ጠራች። ወላሂ አያዋጣኝም ብሎ ማለ፣ ቀነሰላት፣ ጨመረች፣ እንደገና ቀነሰ። ምላሱ ብቻውን እየሮጠ ነበር፤ ፊቱ ከኋላ ሆኖ ይጣራል እንጂ አይደርስበትም። ሲስማሙ ምራቂ ጠየቀችው፤ ከራሱ መደርደሪያ አንድ ምርጥ ገመድ አውርዶ ሰጣት። ገመዱን ካስረከበ በኋላ እጁን ግራ በመጋባት ተመለከተው።

ከመክፈሏ በፊት ልትሰማው ይገባል። ጋሽ አዩብ ትልቁን ስፒከር ከፈተላት። ቲዩቡ እስኪቀላ ሁላችንም በትንሿ መስኮት ስናይ ቆየን። ከዚያ ሶሊ የቤዙን ክር ነካች።

ድምፁ መጀመሪያ የተሰማኝ በእግሬ ነው። ቀጥሎ ከሱቄ ውስጥ ሚዛኖቼ ተነሡ፤ ከበራፍ ሆኜ አየኋቸው። ሌላ ጊዜ ስፒከር ሲሞከር የሚዛኖቼ መርፌዎች አንዴ ይዘላሉ፣ አንዴ ይተኛሉ። አሁን ግን ሶሊ ክሩን በኃይል ስትመታውም፣ በጣቷ ጫፍ ስትዳስሰውም፣ መርፌዎቹ ሁሉ በእነዚያው ሁለት መስመሮች መካከል እኩል ይርገበገባሉ። መደርደሪያዬ በሙሉ ይደንስ ነበር። ጋሼ አሸብር ያስረዳኝ ነገር ያኔ ገባኝ።

እሱም ሰምቶ ኖሮ በካልሲ ወጣ፣ አንድ ጫማ በእጁ እንደያዘ። ሣጥኑን አየ፣ የጋሽ አዩብን ፊት አየ፣ ልጅቷን አየ። በእጁ ምልክት ድገሚው አላት። ደገመችው። በካልሲው መደነስ ጀመረ። ጠሀ ነገሩ ባይገባውም ጨፈረ።

«ቆይ!» አለ ጋሽ አዩብ። «የሸጥኩት እኔ ነኝ። አንተ ምን ሸጥክ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የተባለው «ካልተሸጠ» እንደሆነ፣ ማን ይሽጠው እንዳልተባለ መሰከርኩ።

«ሠርኬ፣ ሚዛኑ ላይ ጣትሽን አሳረፍሽበት» አለኝ ጋሽ አዩብ። ጣቴ እንዳልነበረች፣ አገጬ እንደነበረች ስነግረው ስፒከሩን ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ምራቂው ሲታወሰው ደግሞ እንደ አዲስ ጀመረ።

ቅዳሜ በጠዋት በጋሼ አሸብር በራፍ ቆመ። ደህና አድርጎ ተበቀለ፤ በደስታ ጮኸ። ብርቅዬ ዕቃ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ዕቃ፣ ባለቤቱ የድሮ የመድረክ ንጉሥ እያለ መደዳውን አናወጠው። ሱቁ ሞላ። ጋሼ አሸብር ላብ በላብ ሆነ፤ ጫማውን ለማውለቅ እንኳ ፋታ አላገኘም።

ከሰዓት በኋላ ቤዝ ያዘሉ ሁለት ወጣቶች መጡ። ሶሊ ነበረች የላከቻቸው። የእሷን ዓይነት ፔዳል ይኖረው እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ አዩብ ጩኸቱን አቋርጦ ወደ ውስጥ ዞረ፤ «የለኝም» የምትለዋን ቃል እየጠበቀ መሆኑን አወቅሁ። ጋሼ አሸብር ቀና ብሎ ላይኛውን እርከን አየ። ማሞቂያው የነበረበት ቦታ ብቻ አቧራ የለበትም። ወጣቶቹን አየ። ያዘሉትን ቦርሳ አየ።

«አለ» አለ። «ቁጭ በሉ።»

ጋሼ አሸብር ወደ በራፉ ተመለከተ።

«አዩብ፣ ምን ቆመሃል? ሂዳ ፈልግ!»

ጋሽ አዩብ ካፖርቱን ሰብስቦ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አቅጣጫ ሮጠ። እኔም ከሱቄ ሁለት በርጩማ አቀበልኩ።